የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከጊቤ ወዲህ ያለው የርዕደ መሬት ካርታ

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ምድሪቱ ለወራት ስትናወጥ ከሰነበተች ወዲህ ስለ ርዕደ መሬት የሚደርሱን ደብዳቤዎች በርክተዋል። ለዚህ እትም የመረጥኳቸው ግን ሁሉም ከጅማ የተጻፉ ናቸው። እኔም የምኖረው በዚሁ ከተማ ስለሆነና ጥያቄዎቹም ስለ አንድ ጉዳይ፣ ማለትም ያለፈውን ርዕደ መሬት መዝግቦ በካርታ ላይ ስለማስፈር ስለሆኑ፣ አብሬ ላስተናግዳቸው ወደድኩ።

ጥያቄ፦ በጅማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር በአገራችን የደረሱ ታላላቅ ርዕደ መሬቶችን የሚያሳይ የግድግዳ ካርታ ጀምረናል። በመጀመሪያ «ታላቅ» ተብሎ የትኛው ይግባ በሚለው ላይ አልተስማማንም። ቀጥሎም ነጥቦቹን ስናስቀምጥ አፋርና ስምጥ ሸለቆው ሞልቶ ከጊቤ ወዲህ ያለው የእኛ አገር ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ተማሪዎቼ «እኛ ዘንድ አይደርስም ማለት ነው?» ሲሉኝ አዎን ለማለትም አይደለም ለማለትም አልደፈርኩም።

መልስ፦ መምህር፣ አለመድፈርዎ ተገቢ ነው። ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ካርታው እንዴት እንደሚነበብ ሳይታወቅ ምን ይግባበት ብሎ መወሰን ያስቸግራልና።

በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ ነጥብ የሚኖረው ምድር ስለተንቀጠቀጠች ብቻ ሳይሆን መንቀጥቀጧን የመዘገበ ሰው ወይም መሣሪያ ስለነበረ ነው። መሣሪያው ወደ አገራችን የገባው በቅርቡ ነው። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። ከዚያ በፊት ያለው ታሪካችን የተለቀመው ከነገሥታት ዜና መዋዕል፣ ከመንገደኞች ማስታወሻ፣ ከሚሲዮናውያን ደብዳቤና ከጋዜጣ ነው። አባ ጉዌን እነዚህን ለዓመታት ሲያገላብጡ ቆይተው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያገኙትን ሁሉ በአንድ መዝገብ አጠናቅረው እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል፤ ስለ ጥንቱ ዛሬ የምንናገረው አብዛኛው ነገር በዚያ ድካም ላይ የቆመ ነው።

እንግዲህ ብዕር የነበረው የት ነበር? ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት ባለበት፣ ነጋዴና መልእክተኛ በሚያርፍበት፦ ጎንደር፣ አንኮበር፣ ምጽዋ፣ ኋላም አዲስ አበባ። በ1835 ዓ.ም. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበርን የመታው ርዕደ መሬትና አብሮት የመጣው የመሬት መናድ በዘመኑ ከታወቁት አንዱ ነው፤ በዚያ ወቅት የእንግሊዝ መልእክተኞች በንጉሡ ዘንድ ነበሩ። ተማሪዎችዎ በካርታው ላይ ነጥቡን አንኮበር ላይ ቢያደርጉ አልተሳሳቱም፤ ሆኖም ነጥቡ የሚያሳየው ጉዳቱ የታየበትንና የተጻፈበትን ቦታ ነው። ምድሪቱ የተሰነጠቀችው ከአንኮበር ሥር ወደ ምሥራቅ በሚወርደው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ቆላ ግን የጻፈ አልነበረም።

በዚያው ዘመን በእኛ በኩል አምስቱ የጊቤ መንግሥታት፣ ማለትም ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ነበሩ። ዑለማው በዐረብኛ ሆሄ ይጽፉ ነበር፤ የአገሩ ዜና ግን በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ በቃል የሚተላለፍ ነበር። እንደ አንቷን ዳባዲ ያሉ ተጓዦች እስከ እናርያ መዝለቃቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ መንገደኛ ለጥቂት ወራት ያየው ለመቶ ዓመት ምስክር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የካርታችን ባዶነት ከፊሉ የጽሑፍ ባዶነት ነው።

ከፊሉ ደግሞ እውነተኛ ነው፤ ይህንንም ለተማሪዎችዎ መሸሸግ አይገባም። የአፍሪካ ምድር ለሁለት እየተከፈለ ያለው በስምጥ ሸለቆው ነው። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሁለቱ ወገኖች በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ ወደ አፋር ሲወጡ ፍጥነቱ ይጨምራል። ብዙው ርዕደ መሬት የሚፈጠረው በዚያ መስመር ሲሆን ጅማ ያለችው ከመስመሩ በስተ ምዕራብ በደጋው ላይ ነው። በመሆኑም «እኛ ዘንድ ያንሳል፤ አይደርስም ግን አይባልም» ብለው ይመልሱላቸው። በ1980 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት በደቡብ በጋሞ ጎፋ በኩል የተከታተለው ርዕደ መሬት፣ የትልቁ መጠን ከ6 በላይ የሆነው፣ እስከ ጅማ ተሰምቷል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሆሳዕና አካባቢ መጠኑ ከ5 በጥቂቱ የበለጠ ርዕደ መሬት ደርሶ፣ ከእኛ በቀጥታ መስመር 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሳለ፣ በከተማችን ሰዎች ተጎድተዋል፤ ሕንጻዎችም ጉዳት ደርሶባቸዋል። እነዚህ ሁለቱ በካርታችሁ ላይ የጅማን ስም እንድትጽፉ ያስገድዷችኋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። «ታላቅ» የሚለውን ቃል በመሣሪያ ልኬት ብቻ ብትወስኑት ሰው የተጎዳበት ይቀራል፤ በጉዳት ብቻ ብትወስኑት ደግሞ በረሃ ላይ የደረሰው ይረሳል። ሁለቱንም ውሰዱ፤ የክቡ ስፋት የርዕደ መሬቱን መጠን፣ ቀለሙ ያደረሰውን ጉዳት ያሳይ። በእኔ አስተያየት ከሚከተሉት አንዱም ሊቀር አይገባም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን፣ በላንጋኖና በዝዋይ ሐይቆች አካባቢ የደረሰውና ከተቆረቆረች 20 ዓመት ገደማ የሆናትን አዲስ አበባን በብርቱ ያናወጠው አለ፤ መጠኑ ከ6.5 በላይ እንደነበረ ይገመታል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ካራቆሬን ያናጋው፣ የማጀቴን ከተማ ያፈራረሰውና የደሴን መንገድ የሰነጣጠቀው ተከታታይ ርዕደ መሬት አለ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአሰብ መንገድ ላይ የምትገኘውን ሰርዶን አፍርሶ ከ20 በላይ ሰዎችን የገደለው አለ። ከአፋር በ1981 ዓ.ም. ነሐሴ ዶቢን፣ በ1998 ዓ.ም. መስከረም የዳባሁን ምድር፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የፈንታሌንና የዶፈንን ተራሮች አካባቢ ጨምሩ፤ በመጨረሻው ወቅት የካቲት 7 ቀን የደረሰው መጠኑ 6 ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተዋል።

ካርታውን በአገር ድንበር ላይ እንዳታቆሙት ደግሞ አደራ። በነሐሴ 1913 ዓ.ም. ምጽዋን የጎዳው፣ በግንቦት 1982 ዓ.ም. በጁባ አካባቢ የደረሰውና መጠኑ ከ7 ያለፈው ርዕደ መሬት ከድንበሩ ማዶ ቢሆኑም የዚህ ምድር ታሪክ አካል ናቸው። የጁባው በአገራችን ውስጥ በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በብዙ የትምህርት ቤት ካርታ ላይ ተጓድሎ የማየው ቦታውን ምን ያህል በርግጠኝነት እንደምናውቅ ማሳየት ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትርን እንዲወክል ብታደርጉ መላዋ ኢትዮጵያ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ታርፋለች፤ ለግድግዳ የሚበቃ ነው። በዚህ ሚዛን የ2017ቱን ርዕደ መሬት በእርሳስ ጫፍ ልታስቀምጡት ትችላላችሁ። የ1898ቱ ግን የተለካው በሩቅ አገር በነበሩ ጥቂት መሣሪያዎች ነው፤ የዚያ ዘመን ልኬት በ50 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። ስለሆነም ነጥብ አታድርጉበት፤ ግማሽ ስፋቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ክብ በነጠብጣብ መስመር አዙሩበት። የአንኮበሩን ክብ ከዚያም አስፉት። ካርታው ሲያልቅ ዓይን የሚያየው ታሪካችን እየራቀ ሲሄድ እየደበዘዘ መሄዱን ይሆናል፤ ልጆቹም ያንን ማየት አለባቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅሬን ነው። አባቴ ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል። «በደርግ ጊዜ ሪፐብሊክ በታወጀበት ሰሞን፣ ቡና ሊለቀም ሲል፣ ለመውሊድ ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ ምድር ተንቀጥቅጣ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች እርስ በርሳቸው ተንኳኩ፤ ፋኖሱም ከተሰቀለበት ተወዛወዘ» እያሉ ይነግሩን ነበር። እኛ ልጆቻቸው እንደ ተረት ሰምተን አለፍነው። እውነት ይሆን? ከሆነስ የአንድ ሽማግሌ ቃል ለሳይንስ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ ብልዎ ማጋነን አይደለም። አባትዎ ዓመተ ምሕረቱን አልተናገሩም፤ ከዚያ የተሻለ ነገር ግን ተናግረዋል።

አብረን እንቁጠረው። ሪፐብሊኩ የታወጀው በ1979 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀጥሎ የመጣው የቡና ለቀማ የ1980 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መውሊድ፣ በጨረቃ መታየት አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ቢችልም፣ የዋለው በጥቅምት 24 ገደማ ነበር። ከዚያ ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ወደ ኋላ ብንመለስ ከጥቅምት 14 እስከ 17 ባሉት ቀናት ላይ እናርፋለን። በመስከረም መጨረሻ የጀመረው የጋሞ ጎፋው ተከታታይ ርዕደ መሬት በነዚያ ቀናት ገና አላበቃም ነበር። አባትዎ የተናገሩት ተረት አይደለም። ሃይማኖታቸው፣ ሥራቸውና የአገሩ ፖለቲካ በአንድነት ቀኑን ጠብቀውላቸዋል።

እዚህ ላይ የቀን ምንዛሪን ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም፤ በታሪካዊ ርዕደ መሬት መዝገብ ውስጥ ስሕተት በብዛት የሚገባው በዚህ በር ነውና። 1979 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ሆናለች። በዚህ ምክንያት መስከረም 1 ቀን 1980 ዓ.ም. የዋለው እንደ ወትሮው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ነው፤ የአንድ ቀኑ ልዩነትም እስከ የካቲት ድረስ አብሮ ይሄዳል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ጥቅምት 17ን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲመልስ ኦክቶበር 27 ይለዋል፤ ትክክለኛው ግን 28 ነው። አንዱ መዝገብ 27 ሌላው 28 ካለ፣ ሁለቱን የሚያጠናቅር ሦስተኛ ሰው ሁለት ርዕደ መሬት የደረሰ ይመስለውና ያልነበረ ርዕደ መሬት በካርታው ላይ ይተክላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። የዓለም አቀፍ መዝገብ የሚጠቀመው በግሪኒች ሰዓት ሲሆን በቀን ሰዓታችን ላይ 3 ሲደመር እርሱ ይገኛል፤ ለእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት የሆነው በዚያ 9 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የደረሰ ርዕደ መሬት ደግሞ በዓለም አቀፉ መዝገብ በዋዜማው ቀን ይገባል። በዚያ ወቅት ከተከታተሉት ንዝረቶች አባትዎ የትኛውን እንደሰሙ ለመለየት ሰዓቱ ያስፈልጋል፤ «ስንት ሰዓት ነበር?» ብለው ቢጠይቋቸው ግን መልስ ላያገኙ ይችላሉ። ከየትኛው ሶላት በፊት ወይም በኋላ እንደነበረ ይጠይቋቸው። ዙህርና ዐስር፣ መግሪብና ዒሻ በአእምሯቸው ውስጥ ከሰዓት የበለጠ ቦታ አላቸው።

ሲኒዎቹ ምን ይጠቅማሉ? መሣሪያ በሌለበት የንዝረቱን ብርታት የምንለካው በእነርሱ ነው። ሊቃውንቱ ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት በሚደርስ ደረጃ ይመድቡታል። ፎቅ ላይ ጋደም ያለ ሰው ብቻ ከሰማው ሁለተኛ ነው፤ ከባድ መኪና በደጅ ያለፈ ከመሰለ ሦስተኛ፤ ዕቃ ከተንኳኳና የተሰቀለ ነገር ከተወዛወዘ አራተኛ፤ ከተኛው ብዙው ከነቃና ያልተደላደለ ዕቃ ከወደቀ አምስተኛ፤ ሰው ሁሉ ሰምቶት ብዙው ደንግጦ ከወጣና ልስን ከረገፈ ስድስተኛ ነው። አባትዎ ሲኒ ተንኳኳ እንጂ ወደቀ አላሉም፤ ፋኖስ ተወዛወዘ እንጂ ተሰበረ አላሉም። ስለዚህ ጅሬን ላይ፣ በዚያ ቤት፣ ደረጃው አራት ነበር። ይህ አንድ ቁጥር ነው። ከሰቃ፣ ከአጋሮ፣ ከሰርቦና ከአሰንዳቦ እንዲህ ያሉ ሃያ ሠላሳ ቁጥሮች ቢገኙ እኩል ብርታት የተሰማባቸውን ቦታዎች በመስመር አያይዞ ንዝረቱ ወደየት እየደከመ እንደሄደ መሳል ይቻላል።

የተራ ሰው ቃል ለዚህ ሥራ መዋሉም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1755 ሊዝበን በርዕደ መሬት፣ በባሕር ማዕበልና በእሳት ስትጠፋ፣ የፖርቱጋል ሚኒስትር የነበሩት የፖምባሉ ማርኪስ በየደብሩ ላሉ ቀሳውስት የጥያቄ ዝርዝር ልከዋል፤ ንዝረቱ ምን ያህል ቆየ፣ ስንት ጊዜ ተደጋገመ፣ ስንት ቤት ፈረሰ፣ ስንት ሰው ሞተ የሚል። እ.ኤ.አ. በ1857 ደቡብ ኢጣልያ ሲመታ ደግሞ አየርላንዳዊው መሐንዲስ ሮበርት ማሌት ከመንደር መንደር እየዞረ የግድግዳ ስንጥቅና የወደቀ ዕቃ ለክቶ ካርታ ሠርቷል። ሁለቱም የሠሩት የንዝረት መመዝገቢያው መሣሪያ ሲዝሞግራፍ እንደዛሬው በየአገሩ ባልተተከለበት ዘመን ነው።

ስለዚህ አባትዎን ዛሬ ያነጋግሯቸው፤ ነገ አይበሉ። «ግድግዳው ተሰንጥቆ ነበር?» ብለው መልሱን አያቀብሏቸው፤ «ምን አዩ? ምን ሰሙ?» ብለው ዝም ይበሉ። ተቀምጠው ነበር ወይስ ቆመው? ቤቱ የጭቃ ነበር ወይስ የድንጋይ? እንስሳቱ ምን ሆኑ? ጎረቤትስ ምን አለ? የሚቀላቸው በአፋን ኦሮሞ መናገር ከሆነ በዚያው እንደወረደ ይጻፉት፤ ትርጉሙ ኋላ ይደርሳል። ብዙ ሽማግሌዎች ይህን የመሰለ ምስክርነት ይዘው ሲያልፉ አይቻለሁ፤ ሐዘኑም ዛሬ ድረስ አልለቀቀኝም።

ጥያቄ፦ በዜና «በሬክተር ስኬል 6 ደረሰ» ሲባል ጉዳት የለም፤ «5» ሲባል ደግሞ ሰው ተጎዳ ይባላል። እንዴት ሊሆን ይችላል? ከቆቼ ሰፈር።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ልኬቶች ስለሚምታቱ ነው። በዜና የሚነገረው መጠኑ ነው፤ ከምድር ውስጥ የወጣውን ኃይል ስለሚያሳይ ለአንድ ርዕደ መሬት አንድ ቁጥር ብቻ አለው። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር ኃይሉ ወደ 32 ጊዜ ገደማ ያድጋል። ብርታቱ፣ ከላይ በሲኒው የለካነው ማለት ነው፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ርቀት፣ ጥልቀት፣ የአፈሩ ዓይነትና የቤቱ አሠራር ይወስኑታል። በ1998 ዓ.ም. በዳባሁ ቀልጦ ወደ ላይ የመጣ ዐለት በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ምድርን ሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ሲያራርቃት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ160 በላይ ርዕደ መሬቶች በሩቅ መሣሪያዎች ጭምር ተመዝግበዋል፤ ቦታው ግን ሰው የሳሳበት በረሃ ነበር። በ2003ቱ አንዲት ከ5 ጥቂት የበለጠች ንዝረት ከ110 ኪሎ ሜትር ላይ ጅማን ያስደነገጠችው ሰውና ፎቅ ስለበዛበት ነው። በከተማችን ውስጥ እንኳ በጅሬን ኮረብታ ዐለት ላይ የቆመ ቤትና በቦዬ ረግረግ ዳር ለስላሳ አፈር ላይ የቆመ ቤት እኩል አይናወጡም፤ ለስላሳ አፈር ንዝረቱን ያጎላዋል። በካርታ ላይ ሁለቱን ልኬቶች በአንድ ቀለም ማስፈር ስሕተት የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የቤቴ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ርዕደ መሬት ያመጣው ከሆነ እንዲመዘገብ ብጠቁም ብዬ ነው።

መልስ፦ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን አስቀድመው አፈሩን ይመርምሩ። ቤትዎ የቆመው በጥቁር ዋልካ ላይ ከሆነ ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ግድግዳውንም አብሮ ይስበዋል። ስንጥቁ በበጋ ሰፍቶ በክረምት የሚጠብ ከሆነ ምክንያቱ ከእግርዎ ሥር ነው። በሁለቱ ጠርዞች ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው በየወሩ ይለኩት። ስንጥቁ በአንድ በታወቀ ቀን፣ ንዝረት በተሰማበት ሰዓት፣ በጎረቤቶችዎም ዘንድ አብሮ ካልታየ በርዕደ መሬት መዝገብ ውስጥ መግባት የለበትም።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ሰፈሬ ሄርማታ ነው። ነገ እዚህ ጅማ ርዕደ መሬት ቢደርስ ለታሪክ እንዲጠቅም ምን ብዬ ልጻፍ? ቀድሞስ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ አጭር መልስ ነው ያለው። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ የሚናገር ሳይንስ እስካሁን የለም፤ «ዛሬ ማታ ይደርሳል» የሚል መልእክት በስልክሽ ቢመጣ አትመኚው፤ ለሌላም አታስተላልፊው። ሊቃውንቱ የሚችሉት ያለፈውን መዝገብ አይተው የትኛው አካባቢ በስንት ዓመት ውስጥ ምን ያህል ሊናወጥ እንደሚችል መገመት ነው፤ አንቺ የምትጽፊውም ለዚያ ግምት ይጠቅማል።

ከመጻፍሽ በፊት ግን ራስሽን አድኚ። ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ራቂ፤ በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተሽ እግሩን ያዢ፤ ንዝረቱ እስኪያቆም ደረጃ አትውረጂ፤ ከፎቅም አትዝለዪ። በ2003ቱ እሑድ እኔ ቤቴ ውስጥ እያነበብኩ ነበር። መጀመሪያ አንድ ሰው በሩን በትከሻው የገፋው መሰለኝ። ቀና ብዬ «ማነው?» ለማለት ጊዜ አግኝቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው የመጽሐፍ መደርደሪያው መስታወት መርገፍገፍ የጀመረው። በመግፋቱና በመርገፍገፉ መካከል ስንት ሴኮንድ እንዳለፈ አልቆጠርኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ምክንያቱን ልንገርሽ። ከርዕደ መሬት የሚነሡት ሞገዶች እኩል አይሮጡም፤ ፈጣኑ ቀድሞ በሩን ይገፋል፤ ዝግተኛውና ብርቱው ተከትሎ ቤቱን ያናውጣል። በሁለቱ መካከል ያለፈውን ሴኮንድ በ8 ብታባዢው ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኚዋለሽ። ሆሳዕና 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ዐሥራ አራት ሴኮንድ ገደማ መሆን ነበረበት። ጅማ ላይ፣ አርባ ምንጭ ላይና አዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰዎች በትክክል ቢቆጥሩ፣ በካርታ ላይ ሦስት ክቦች አዙሮ የሚገናኙበትን ቦታ ማግኘት ይቻላል፤ መሣሪያዎቹም ቦታውን የሚያውቁት በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በውስጥሽ ቁጠሪ። ንዝረቱ ሲያበቃ፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገሪ፣ ደብተርሽን አውጥተሽ ጻፊ፤ ሰው ከሰው ጋር ካወራ በኋላ የሚያስታውሰው የጎረቤቱን ነውና። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ከነደቂቃው፣ የነበርሽበትን ቤት ዓይነትና ወለል፣ ተቀምጠሽ ወይም ቆመሽ እንደነበረ፣ ምን እንደተንኳኳ፣ ምን እንደወደቀ፣ ወደየትኛው አቅጣጫ እንደወደቀ ጻፊ። የተሰቀለ ነገር ካለ ወደ ጅሬን አቅጣጫ ወይም ወደ ጎን እንደተወዛወዘ አስተውዪ። ያላየሽውን አትጨምሪ።

በማግሥቱ ወደ መርካቶና ወደ አዌቱ ዳር ወርደሽ ሰዎችን ጠይቂ። አንዳንዱ «ብርጭቆዬ ተሰበረ» ይልሻል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ምንም አልሰማሁም፣ ምን ደርሶ ነው?» ይልሻል። ብዙ ሰው የሁለተኛውን ቃል ሳይመዘግብ ያልፈዋል። አንቺ ግን እርሱንም በስፍራው ጻፊ፤ ንዝረቱ የት ላይ እንዳበቃ የሚታወቀው ካልተሰማበት ቦታ ነው። በካርታሽ ላይ የተሰማበትን ጥቁር ነጥብ፣ ያልተሰማበትን ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ አድርጊበት።